ባልትና መጽሐፍ ሲሆን

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ፊት ለአምስት ደቂቃ ቁሙ። ልቦለድ አለ። የቀድሞ ባለሥልጣናት ማስታወሻ አለ። ሀብታም ስለ መሆን፣ ጊዜን ስለ መጠቀም፣ «ስኬት» ስለሚባለው ነገር የሚሰብኩ ትርጉሞች እንደ ጉድ ተደርድረዋል። አሁን ደግሞ «ቤት ስለ ማሳመር፣ ስለ ሸክላ ሥራ ወይም ስለ ጓሮ አትክልት በአማርኛ የተጻፈ ነገር አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጎበዝ ከሆነ ከሥር ፈልፍሎ አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያወጣላችኋል። ከዚያ ያለፈ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ያገራችን ሰው «ሙያ በልብ ነው» ይላል። ተረቱ ጉራ አትንዙ ለማለት የተባለ ቢሆንም እኛ ግን ቃል በቃል የወሰድነው እንመስላለን። ለግድግዳ የሚሆን ጭቃ ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት፣ አዲስ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ፣ ጋን በምን እንደሚታጠብና በምን እንደሚታጠን፣ ሁሉም በልብ ነው ያለው። ልቡ ደግሞ የአያቶቻችን ነው።

በሌላው ዓለም ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ እጅ ሥራና ስለ አትክልት የተጻፉ ታዋቂ መጻሕፍትን ታሪክ ስናገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመናል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚወለደው ሙያው በደራበት ዘመን አይደለም። እናት ለልጇ፣ ባለሙያ ለተማሪው እያሳየ የሚያስተላልፍበት ክር ሲሳሳ ወይም ሲበጠስ ነው። መጽሐፉ መድኃኒት ነው፤ የበሽታው ምስክርም ነው። ስለዚህ ዛሬ የመጽሐፍ ጥቆማና ታሪክ ቀላቅለን እናወጋለን። («ዓ.ም.» ያልነው የእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቀረው ሁሉ የአውሮፓ ነው።)

የ25 ዓመቷ «አሮጊት»

በ1861 ለንደን ውስጥ አንድ ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው ድብልብል መጽሐፍ ወጣ። «የወይዘሮ ቢተን የቤት አስተዳደር መጽሐፍ» ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 60,000 ቅጂ ተሸጠ። ምግብ ማብሰል፣ ሠራተኛ ማስተዳደር፣ ሕፃን መንከባከብ፣ እንግዳ መቀበል፣ ሕግና ሕክምና ሳይቀር አለበት።

እንግሊዞች ወይዘሮ ቢተንን ለረጅም ጊዜ ሲያስቧት ወፈር ያለች፣ ሽበት ያወጣች፣ ቁልፍ በወገቧ ያንጠለጠለች እመቤት ነበረች። እውነቱ ሌላ ነው። ኢዛቤላ ቢተን መጽሐፉ ሲወጣ የ25 ዓመት ልጅ ነበረች። ባሏ ሳሙኤል አሳታሚ ነው፤ ጽሑፉንም ከ1859 ጀምሮ በየወሩ በቅጽ በቅጽ ሲያወጣው ቆይቷል። ከምግቦቹ አብዛኞቹን ከሌሎች መጻሕፍትና ከአንባቢዎች የሰበሰበቻቸው ናቸው፤ የወሰደችባቸውን ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ አልጠቀሰችም። የራሷ የሆነው ሥርዓቱ ነው። ምን ያስፈልጋል፣ ስንት ያስፈልጋል፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ስንት ያስወጣል፣ ስንት ሰው ያጠግባል? ዛሬ በየስልካችን የምናየው የምግብ አሠራር በዚሁ መልክ ነው የሚጻፈው።

ለምን ይህን ያህል ተሸጠ? መልሱ ከአሥር ዓመት በፊት በተደረገ ቆጠራ ውስጥ አለ። በ1851ዱ የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ለመጀመሪያ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ከገጠሩ በልጦ ተገኘ። ልጅቷ ከተማ ገብታ አንድ ጸሐፊ አግብታለች። እናቷ ገጠር ቀርታለች። ቤቱ አዲስ ነው፣ ምድጃው አዲስ ነው፣ ጎረቤቱ አይታወቅም። የምትጠይቀው ሰው ሲጠፋ መጽሐፍ ጠየቀች።

ኢዛቤላ አራተኛ ልጇን እንደ ወለደች በ1865 በ28 ዓመቷ ሞተች። አሳታሚዎች ግን በስሟ ማሳተማቸውን ቀጠሉ። አንባቢም አሮጊት አድርጎ አኖራት። እናት የራቀችው አገር ከአንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ለራሱ እናት ሠራ ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ስለ አገራችን ምግብ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱን ዳንኤል ጆቴ መስፍን በ1987 ያሳተመው አሜሪካ ውስጥ ነው። ርእሱ «ኤግዞቲክ ኢትዮጵያን ኩኪንግ» ይላል፤ ብርቅ የሆነው የኢትዮጵያ ምግብ እንደ ማለት። አዲስ አበባ ውስጥ ሽሮን ብርቅ ብሎ የሚጠራ የለም። ሽሮ ብርቅ የሚሆነው እናት ከውቅያኖስ ማዶ ስትሆን ነው።

ወጥ ቤቷን ማን ለካት?

ሁለተኛው ጥቆማችን አንድ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ የሦስት ሴቶች ቅብብሎሽ ነው። አሜሪካዊቷ ካትሪን ቢቸር በ1841 ስለ ቤት አስተዳደር አንድ መማሪያ አሳተመች። በ1869 ደግሞ ከእህቷ ከሃሪየት ቢቸር ስቶ ጋር «የአሜሪካዊት ሴት ቤት» የሚለውን ጻፈች። አዎ፣ «የአጎቴ ቶም ጎጆ»ን የጻፈችው ሃሪየት ነች። ካትሪን ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። ሆኖም ስለ ወጥ ቤት ያመጣችው ሐሳብ ዓለምን አዳርሷል። በመርከብ ላይ ያለች ጠባብ ወጥ ቤት ለስንት መንገደኛ ምግብ ታደርሳለች፤ የእኛስ ሰፊ ወጥ ቤት ለምን ያደክመናል? ምክንያቱ ዕቃው ሁሉ ያለቦታው ስለ ተቀመጠ ነው አለች።

በ1913 ክሪስቲን ፍሬድሪክ «አዲሱ የቤት አያያዝ» በሚለው መጽሐፏ ይህንኑ ይዛ ወደ ፋብሪካ ሄደች። የፋብሪካ ሠራተኛ እንቅስቃሴ በሰዓት ይለካ በነበረበት ዘመን እሷ የሴቲቱን እርምጃ ቆጠረች። ከምድጃ እስከ ዕቃ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያ እስከ መደርደሪያ። መጽሐፉ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ የኦስትሪያዋ አርክቴክት የማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እጅ ገባ።

ሊሆትስኪ በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ወጥ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። አርአያዋ የባቡር ምግብ ቤት ነበር። ወደ 10,000 የሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ግድግዳ ላይ ተለክቶ የሚገጠመው የወጥ ቤት ቁምሳጥን ሁሉ የዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ሴትየዋ ራሷ ያን ጊዜ ምግብ አብስላ እንደማታውቅ ኋላ በግልጽ ተናግራለች። በ1941 ናዚዎችን በመቃወሟ ታስራ ጦርነቱ እስኪያልቅ እስር ቤት ቆየች፤ 103 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በ2000 አረፈች።

ወጥ ቤቱ ድካም ቀነሰ። ግን ነቀፋም አልቀረለትም፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው። ጨዋታ የለም፣ ልጅ አይገባም፣ ጎረቤት በር ላይ ቆማ አታወራም። ሥራው ፈጠነ፣ ሠራተኛዋ ብቻዋን ቀረች።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደጋችሁ ወይም የምትኖሩ አሁን ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲጀመር ነዳፊዎቹ ችግሩን አይተውት ነበር። 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ምጣድ፣ የበዓል በግ፣ የብርድ ልብስ እጥበት ፎቅ ላይ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ በየግቢው ለእንጀራ ጋገራ፣ ለልብስ አጠባና ለዕርድ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲሠራ ታሰበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የፍራንክፈርት ወጥ ቤት አንዲት ሴትን አስቦ ተሠራ፤ የእኛ ማድ ቤት ግን ጎረቤትን አስቦ ነው የኖረው። ከእያንዳንዱ ወጥ ቤት ጀርባ አንድ መጽሐፍ አለ። ጥያቄው መጽሐፉ የማንን ቀን አይቶ ተጻፈ የሚለው ነው።

ክንዱ ሰማያዊ የሆነ ገጣሚ

ከወይዘሮ ቢተን መጽሐፍ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1861፣ ዊልያም ሞሪስ ከጓደኞቹ ጋር የቤት ዕቃና የጌጥ ሥራ ድርጅት ከፈተ። ሞሪስ ገጣሚ ነው። ቤት አሠርቶ ሊያስገባበት የሚወደው ዕቃ ገበያ ላይ ስላጣ ራሱ መሥራት ጀመረ።

በ1856 የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት ሊሠራ ሲሞክር ሳያስበው ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ሐምራዊ ቀለም አገኘ። የፋብሪካ ቀለም ገበያውን አጥለቀለቀው። በ20 ዓመት ውስጥ ከሥርና ከቅጠል ቀለም የማውጣት ሙያ ሊረሳ ደረሰ። ሞሪስ የፋብሪካውን ቀለም ጠላው፤ ቶሎ ይለቃል፣ ዓይን ይወጋል። የድሮውን ግን የሚያሳየው አልተገኘም። ምን አደረገ? የዕፅዋትና የማቅለም ሙያ የሰፈረባቸውን የቆዩ መጻሕፍት ፈልጎ አነበበ። ከዚያ በ1875 ሊክ ወደምትባል ከተማ፣ ወደ ቶማስ ዋርድል የቀለም ቤት ሄዶ እጁን ጋን ውስጥ ነከረ። ክንዱ በኢንዲጎ ሰማያዊ ሆኖ ከረመ። ውጤቱ የተሟላው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በ1883 በኢንዲጎ የታተመው «የእንጆሪው ሌባ» የተባለ ጨርቁ ዛሬም ይሸጣል። ሌቦቹ ጓሮው ገብተው እንጆሪ ሲለቅሙ ያያቸው ወፎች ናቸው።

በእኛ አስተያየት ይህ የታሪኩ ወሳኝ ቦታ ነው። ከእጅ የጠፋ ሙያ ከመጽሐፍ ተመልሶ እጅ ላይ ወጣ። ከመቶ ዓመታት በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጠኑን ባይጽፍ ኖሮ ሞሪስ የሚነክርበት ጋን አይኖረውም ነበር።

ሞሪስን ስናደንቅ አንድ እውነት አንሸሽግም። ሶሻሊስት ነበር፤ ውበት ለሁሉም ይድረስ ብሎ ይሰብክ ነበር። በእጅ የተሠራ ዕቃ ግን ውድ ነውና ደንበኞቹ ሀብታሞች ሆኑ። እሱም ይህ ሲያንገበግበው ኖሯል። ከጽሑፎቹ በ1880 በበርሚንግሃም ስለ ሕይወት ውበት ያደረገውን ንግግር አንብቡ። የማይጠቅም ወይም የማያምር ዕቃ ቤታችሁ አታስገቡ የሚለው ዝነኛ ምክሩ እዚያ ነው ያለው። ሳሎኑን በፕላስቲክ አበባ ለሞላ ሰው ሁሉ ይበጃል።

ስም የሌለው ሸክላ ሠሪ

ጃፓን እንሂድ። በ1920ዎቹ ሶኤትሱ ያናጊ የተባለ ሰው ከሸክላ ሠሪ ጓደኞቹ ከሃማዳና ከካዋይ ጋር «ሚንጌ» የሚል ቃል ፈጠረ፤ የሕዝብ ጥበብ ማለት ነው። ያናጊ እንደሚለው ውበት የታወቀ ሠዓሊ ፊርማ ያለበት ነገር ብቻ አይደለም። ስሙ የማይታወቅ ሰው በቀን መቶ ጊዜ የሚሠራው፣ ሩዝ የሚበላበት ጣባ ውበቱ ይበልጣል። በ1936 ቶኪዮ ውስጥ ለእነዚህ ተራ ዕቃዎች ሙዚየም ከፈተ። ጽሑፎቹን «ስሙ ያልታወቀው ባለሙያ» በሚል ርእስ በ1972 በእንግሊዝኛ ያሰናዳው በርናርድ ሊች ነው። ሊች ራሱ ከጃፓን ሙያውን ተምሮ በ1920 እንግሊዝ ውስጥ የሸክላ ቤት ከሃማዳ ጋር የከፈተ፣ በ1940 «የሸክላ ሠሪ መጽሐፍ»ን የጻፈ ሰው ነው። ስለ አፈር፣ ስለ ቀለም ቅብና ስለ ምድጃ የሚያስተምረው ይህ መጽሐፍ ለስንት የከተማ ልጅ መምህር ሆኗል።

ያናጊ የእኛን አገር ቢያይ ምን ይል ነበር? የጀበናው ቅርጽ ያስደንቀው ነበር። የሠሪዋ ዕጣ ግን ያሳዝነው ነበር። እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪዋ ስም ያጣችው ስለ ትሕትና አይደለም። «ቡዳ» ተብላ ስለ ተሰደበች ነው። ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ሁሉም እንዲሁ። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልቆመም። ጻፍ የሚባለው ሰው ሸክላ አይነካም፤ ሸክላ የምትነካዋ ደግሞ ፊደል አልደረሳትም። ባልትናችንና እጅ ሥራችን ወደ መጽሐፍ ያልገባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሙያው በልብ የቀረው ልብ ስለሚሻል ብቻ አልነበረም።

ጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃን አስቡ። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ የሚታወቅባት መንደር ነበረች። በ1984 እና 1985፣ ከዚያም በ1991 ማኅበረሰቡ በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄድ እጆቹም አብረው ሄዱ። ወለቃ ዛሬም ሸክላ ይሸጣል። ነገር ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው ክር በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለት አገር ላይ ቀረ።

ሥዕል የተከለከለችው አትክልተኛ

የመጨረሻዋ እንግዳችን ገርትሩድ ጂኪል ናት። እንግሊዛዊት ናት፤ ሥዕል ተምራለች። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ በ1891 ሐኪም ሥዕልና ጥልፍ እንድትተው መከራት። ብሩሹን አስቀምጣ መሬት ላይ ሣለች ብንል ማጋነን አይሆንም። ወደ 400 የሚጠጉ የአትክልት ቦታዎችን ነድፋለች። በ1899 «ዱርና አትክልት» የሚለውን፣ በ1908 ደግሞ ስለ አበባ ቀለም አመዳደብ የሚያወራውን ዝነኛ መጽሐፏን አወጣች። ትልቁ ትምህርቷ ይህ ነው፤ አበባ ዝም ብሎ አይተከልም፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን፣ በየትኛው ወር የሚለው ይታሰብበታል። አብዛኛውን የተማረችው ደግሞ ከድሆች ገበሬዎች ጓሮ ነው።

እኛ ግን ከሥራዎቿ ሁሉ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንዱን እናስቀድማለን። በ1904 ያወጣችው «የድሮው ምዕራብ ሰሪ» ይባላል፤ ሰሪ የምትኖርበት አውራጃ ስም ነው። የከተማ ሰው ወደ አውራጃዋ ሲጎርፍ፣ የገበሬው የቤት ዕቃ በፋብሪካ ዕቃ ሲተካ አየች። ካሜራዋን ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። የምድጃ ብረት፣ የሻማ መያዣ፣ ወንበር፣ የእርሻ መሣሪያ፣ የአሮጊቶች ልብስ ሳይቀር አነሣች። መጽሐፉ ውስጥ ራሷ ያነሣቻቸው 330 ፎቶግራፎች አሉ። ሙዚየም አልነበራትም፣ በጀት አልነበራትም። ጉጉትና ጊዜ ነበራት።

የእኛ ጓሮስ? ጤና አዳም ለቡና፣ ዳማከሴ ለምች፣ ኮሰረት ለቅቤ፣ ግራዋ ለጋን ማጠቢያ፣ ጌሾ ለጠላ። ይህ ዝም ብሎ ቅጠል አይደለም፤ እያንዳንዱ ከአንድ የቤት ሥራ ጋር የተጋባ ነው። ጓሮው ሲጠፋ ሥራውም ስሙም ይጠፋል። ደግነቱ እዚህ ላይ ባዶ እጃችንን አይደለንም። አዘነ በቀለ ተሰማ በ1993 ያወጣውና በ2007 ሰፍቶ የታተመው ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የሚናገረው መጽሐፍ የየቋንቋውን ስምና ጥቅም ይዟል። ከዚህ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ከ1989 እስከ 2009 የታተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ስምንት ጥራዞች አሉ። የሚጎድለው ከእነዚህ ተነሥቶ በረንዳ ላይ አምስት ማሰሮ ላላት ልጅ በአማርኛ የሚያወራ ትንሽ መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ ማን ይጻፍ?

ክሩ እኛ ዘንድ አሁን እየሳሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ፈረሱ። ልማቱ ይበል የሚል አለ፣ የሚያዝን አለ፤ ያን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። ሁለቱም ወገን የማይክደው ግን ከጭቃው ግድግዳ ጋር ግድግዳውን እንዴት ማደስ እንደሚቻል የሚያውቁ ሰዎች መበተናቸውን ነው። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ከ1886 እስከ 1941 ስለነበረችው አዲስ አበባና ስለ ሥነ ሕንፃ ቅርሷ በ2007 ያሳተሙት መጽሐፍ ሲወጣ የአድናቂዎች መጽሐፍ ነበር። ዛሬ ማስረጃ ሆኗል።

«የቤት ውስጥ ዲዛይን የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ ሐረር ይሂድ። በጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ወንበር አይፈልግም። ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራሉ፤ ግድግዳው በሴቶቹ ስፌት ያጌጣል። ዩኔስኮ በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቤቶቹን የውስጥ አሠራር ለይቶ አንሥቷል። እኛ ዲዛይን አላጣንም። የጎደለን የተጻፈ ነገር ነው።

ስለዚህ ከላይ የጠቆምናቸውን አንብቡ፤ አብዛኞቹ የቆዩት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ስታነቡ ግን የመጽሐፉን ምክር ብቻ ሳይሆን ዘዴውን ስረቁ። ከቢተን መጠንና ሰዓት መጻፍን፤ «ትንሽ ውኃ ጨምሪበት» አይበቃም፣ ስንት ጣሳ? ከሊሆትስኪ ሥራን መለካትን። ከሞሪስ ያነበቡትን በእጅ መሞከርን። ከጂኪል ካሜራ ይዞ ቤት ለቤት መዞርን፤ የእሷ ካሜራ ባለ መስተዋት ሳህን ከባድ ነገር ነበር፣ የእኛው ኪሳችን ውስጥ ነው።

ከያናጊ ደግሞ ተራውን ዕቃ ማክበርን እንውሰድ፤ አንድ ነገር ግን እናሻሽልለት። ያናጊና ሊች በዓለም ታወቁ፣ ያከበሯቸው ባለሙያዎች ስም ግን እንደጠፋ ቀረ። እኛ ስንጽፍ የሸክላ ሠሪዋን ስም፣ ፈቃዷን ጠይቀን፣ ከፊት ገጹ ላይ እናስቀምጥ። መቶ ዓመት ሙሉ የተሰደበ ሙያ ቢያንስ ይህ ይገባዋል።

ጊዜው ብዙ አይደለም። ጭቃው ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት የሚያውቁት ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ፤ ስልካቸውም ይነሣል።